አኩሪ አተር ለጡት ጤና ስጋት ነው ወይስ ጋሻ?

በካምፓላው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ማለዳ የሚያልፍ እግረኛ ሰፈሩን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በአፍንጫው ያውቀዋል። በስም ሳይሆን በቁጥር በሚጠሩት ጎዳናዎቹ ላይ የናፍጣ፣ የሳሙናና የተቆላ እህል ሽታ ይደባለቃል። ከጭነት መኪና ከሚራገፉት ጆንያዎች መካከል ከሰሜን ኡጋንዳ፣ ከሊራና ከአካባቢዋ የመጣ አኩሪ አተር ይገኝበታል። ተቆልቶ፣ ከበቆሎና ከዳጉሳ ጋር ተፈጭቶ፣ በትናንሽ ከረጢቶች ታሽጎ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ናሙዎንጎ ገበያ ይሸጣል። ጠዋት የልጆች አጥሚት፣ ማታ ደግሞ ሥጋ ላልተገኘበት ቤት ወጥ ማወፈሪያ ይሆናል።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ካባላጋላና ካንሳንጋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም የዚህ ዱቄት ደንበኞች ናቸው። ለእነርሱ አኩሪ አተር በተለይ የጾም ጓዳ ነው። ወተቱ ለማኪያቶ፣ ዱቄቱ ለአጥሚት፣ ደርቆ የሚሸጠው “የሶያ ሥጋ” ለጥብስ ይሆናል።

ባለፈው የጾም ወቅት በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ያገኘኋቸው ሴት ግን ማኪያቷቸውን ያለ ወተት ነበር ያዘዙት። የጡት ካንሰር ታመው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ በየቀኑ የሚውጡት መድኃኒት ታዞላቸዋል። አንድ ወዳጃቸው አኩሪ አተር “የሴት ሆርሞን” እንዳለበትና በሽታውን እንደሚቀሰቅስ ስለነገሯቸው የጾም ወተቱንም አጥሚቱንም እርግፍ አድርገው ተዉ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሌላ ወዳጅ ደግሞ ካንሰር እንዳይመለስ ይከላከላል በሚል ከውጭ የመጣ የአኩሪ አተር ንጥረ ነገር እንክብል በጠርሙስ ሰጧቸው። አንዱ ወዳጅ መርዝ ያለውን ሌላው መድኃኒት ብሎ አመጣው ማለት ነው። የሁለቱም ምንጭ አንድ ፍሬ ነው።

የሚገርመው፣ ሁለቱም ወዳጆች ያሉት ነገር ከሳይንስ ቤተ ሙከራ የወጣ መነሻ አለው። ችግሩ ያለው ከቤተ ሙከራው እስከ ማዕዱ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ሆርሞን የሚመስለው ነገር

አኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባሉ የተክል ውህዶች አሉ። ዋነኞቹ ጀኒስቴንና ዳይድዚን ይባላሉ። የሞለኪውላቸው ቅርጽ የሴቶች ዋነኛ የፆታ ሆርሞን ከሆነው ኤስትሮጂን ጋር ይመሳሰላል። በዚህም የተነሳ “የተክል ኤስትሮጂን” የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ስሙ ግን ከተግባራቸው ይልቅ ቅርጻቸውን የሚገልጽ ነው።

ኤስትሮጂን በሰውነት ውስጥ ሥራውን የሚሠራው በሕዋሳት ውስጥ ካለ ተቀባይ ጋር በመጣበቅ ነው። ሆርሞኑን መክፈቻ፣ ተቀባዩን ጓጉንቸር አድርገን ብናስበው፣ አይሶፍላቮን ጓጉንቸሩ ውስጥ የሚገባ ነገር ግን በደንብ የማይዞር መክፈቻ ነው። ኃይሉ ከሰውነት ኤስትሮጂን ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች፣ እንደ መለኪያውም በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው።

ነገሩን ያወሳሰበው ደግሞ ጓጉንቸሩ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ተመራማሪዎች ሁለተኛውንና “ቤታ” የተባለውን ተቀባይ ያገኙት እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1996 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቀድሞ የሚታወቀው “አልፋ” በጡት ውስጥ የሕዋሳትን መባዛት ያነሳሳል። ቤታ በብዙ ሁኔታ ያንን መባዛት የመግታት ጠባይ ይታይበታል። ጀኒስቴን የሚያዘነብለው ደግሞ ወደ ቤታ ነው። ስለዚህ አንድ ውህድ እንደ ሰውነቱ፣ እንደ ዕድሜውና እንደ መጠኑ ሊያነሳሳም ሊገታም ይችላል። የወር አበባ በምታይ ሴት ሰውነት ውስጥ ኤስትሮጂን ሞልቷል፤ እዚያ ደካማው አስመሳይ የጠንካራውን ቦታ ይዞ ሊያቀዘቅዘው ይችላል። ካረጠች በኋላ ግን ኤስትሮጂኑ ስለሚቀንስ፣ አስመሳዩ የራሱን ትንሽ ግፊት ይጨምር ይሆን የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተስፋውም ፍርሃቱም የፈለቁት ከዚህ ነው።

የተክል ኤስትሮጂን ከንቱ ጭንቀት አለመሆኑን የአውስትራሊያ በግ አርቢዎች ያውቁታል። በ1940ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ በአንድ የግጦሽ ቅጠል ላይ የተሰማሩ በጎች መውለድ አቃታቸው። ቅጠሉ ከአይሶፍላቮን ወገን የሆነ ውህድ በብዛት ነበረው። በጎቹ ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ ምግብ ሳይቀላቅሉ ያንኑ ሲግጡ የሚውሉ እንስሳት ነበሩ።

ፍርሃቱ ከአይጦች የመጣ ነው

በአኩሪ አተርና በጡት ካንሰር ላይ የተሰራጨው ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው የሚመዘዘው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ከተሠሩ የአይጥ ሙከራዎች ነው። በሙከራዎቹ በሽታ የመከላከል አቅም የሌላቸው አይጦች ተመረጡ፤ እንቁላል ማኅደራቸው ወጣ፤ ከዚያም ኤምሲኤፍ 7 የተባሉ ኤስትሮጂን የሚያሳድጋቸው የሰው የጡት ካንሰር ሕዋሳት ተተከሉባቸው። ጀኒስቴን ሲመገቡ ዕጢው አደገ። በአንዳንዶቹ ሙከራዎች ጀኒስቴኑ ታሞክሲፌን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት ኃይል አዳከመ።

ዜናው የካንሰር ሐኪሞችን ማስደንገጡ ተገቢ ነበር። ታሞክሲፌን በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ ዋጋው የማይከብድ፣ ለአምስት ዓመታት ሲወሰድም ሆርሞን ተቀባይ ባላቸው የጡት ካንሰር ዓይነቶች የመሞት አደጋን በሲሶ ገደማ የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ይህን የሚያዳክም ምግብ ካለ፣ ታካሚዎች ሊያውቁት ይገባል።

ይሁን እንጂ አይጥ ጀኒስቴንን የምታስተናግደው እንደ ሰው አይደለም። የሰው አንጀትና ጉበት የዋጡትን ጀኒስቴን አብዛኛውን ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር አጣምረው ሥራ የማይሠራ ያደርጉታል። በአይጦች ደም ውስጥ ግን ያልተጣመረውና ንቁ የሆነው ክፍል ከሰው በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ይገኛል። ለአይጥ የተሰጠው አንድ መጠን ለሰው ያው መጠን ሆኖ አይደርስም።

በሰዎች መካከልም ልዩነት አለ። ዳይድዚንን ኢኮል ወደሚባልና ይበልጥ ጠንካራ ወደሆነ ውህድ የሚቀይሩት የአንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በምዕራባውያን ዘንድ ከአራት ሰው በአንዱ ገደማ፣ በጃፓንና በኮሪያ ደግሞ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ይገኛሉ። (ኢኮል ስሙን ያገኘው ከፈረስ ነው፤ በ1932 ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው ከባዝራ ሽንት ነበር።) ስለዚህ አንድ ዓይነት ወተት የጠጡ ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ነገር ጠጥተዋል ማለት አይቻልም።

ሴቶቹ ራሳቸው ሲጠኑ

በ2009 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ክርክሩን ከአይጥ ወደ ሰው አሸጋገረው። ተመራማሪዎቹ በሻንጋይ ከጡት ካንሰር ሕክምና የተረፉ 5,042 ሴቶችን ለአራት ዓመታት ገደማ ተከታትለዋል። ሻንጋይ አኩሪ አተር የዕለት ምግብ የሆነባት ከተማ በመሆኗ፣ ፍርሃቱ እውነት ከሆነ ጉዳቱ ጎልቶ መታየት ነበረበት። የታየው ግን ተቃራኒው ነው። ብዙ አኩሪ አተር ከሚመገቡት ሩብ ሴቶች መካከል የመሞት አደጋ ጥቂት ከሚመገቡት በ29 በመቶ፣ በሽታው የመመለስ አደጋ ደግሞ በ32 በመቶ ያነሰ ነበር። ታሞክሲፌን የሚወስዱትም የተጎዱበት ምልክት አልታየም። ጥቅሙ በቀን ወደ 11 ግራም የአኩሪ አተር ፕሮቲን ከደረሰ በኋላ ግን እየጨመረ አልሄደም።

በ2012 የቻይናንና የአሜሪካን መረጃ አንድ ላይ ያደረገ የ9,514 ሴቶች ጥናት ተመሳሳይ አቅጣጫ አሳየ። በ2017 በአሜሪካና በካናዳ በ6,235 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ አይሶፍላቮን በብዛት የሚመገቡት በማናቸውም ምክንያት የመሞት አደጋቸው በ21 በመቶ ያነሰ መሆኑን አገኘ። እዚህኛው ላይ ግን ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ሆርሞን ተቀባይ የሌለው ካንሰር በነበራቸውና የሆርሞን ሕክምና ባልወሰዱት ላይ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች አኩሪ አተር ካንሰርን ያድናል ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ሁሉም የምልከታ ጥናቶች ናቸው፤ ሴቶቹ ምን እንደሚበሉ ጠይቀው ምን እንደሆኑ ተከታተሉ እንጂ ምግቡን አላዘዙላቸውም። አኩሪ አተር የምትመርጥ ሴት አትክልት የምታበዛ፣ የምትንቀሳቀስ፣ የተሻለ ገቢ ያላት ልትሆን ትችላለች። ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌት ለማጣራት ቢሞክሩም ሙሉ በሙሉ ማጥራት አይቻልም። በእኔ ንባብ ከቁጥሮቹ ውስጥ ጠንካራው ጥቅሙን የሚናገረው ሳይሆን ጉዳቱን የማያሳየው ነው። በሺዎች በሚቆጠሩ ሴቶች፣ በሦስት አገሮች፣ አይጦቹ ያሳዩት አደጋ አልተገኘም።

አንድ የማያረጋጋ ውጤት ግን አለ፤ መዝለሉም ተገቢ አይሆንም። በ2014 በኒውዮርክ የታተመው ውጤት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ 140 የጡት ካንሰር ታካሚዎች የተሳተፉበት ነው። ግማሾቹ የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት፣ ግማሾቹ ሌላ ማስመሰያ ዱቄት ከቀናት እስከ አንድ ወር ወሰዱ። በደማቸው ጀኒስቴን ከፍ ካለባቸው አንዳንዶቹ ዕጢ ውስጥ ከሕዋስ መባዛት ጋር የተያያዙ ዘረመሎች ይበልጥ ሲነቃቁ ታየ። ሕዋሳቱ በእርግጥ በፍጥነት መባዛታቸውን የሚያሳየው መለኪያ ግን አልጨመረም። ሙከራው የተሠራው በተከማቸ ዱቄት እንጂ በወጥ ወይም በአጥሚት አይደለም።

የዕድሜ ነገር

የእስያ ሴቶች በጡት ካንሰር የሚያዙበት መጠን ለረጅም ጊዜ ከምዕራባውያን በጣም ያነሰ ነበር። ይህ በዘር የመጣ ብቻ አለመሆኑ የታወቀው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ቤተሰቦች ሲጠኑ ነው። ከትውልድ ትውልድ የልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አደጋ ወደ አሜሪካውያን እየተጠጋ ሄደ። ስደት የቀየረው ግን አኩሪ አተርን ብቻ አልነበረም። ክብደት፣ የወሊድ ቁጥርና ዕድሜ፣ ጡት የማጥባት ልማድ ሁሉ ተቀይሯል።

በ2009 በካሊፎርኒያና በሃዋይ በሚኖሩ የእስያ ተወላጆች ላይ የታተመ ጥናት በልጅነታቸው ብዙ አኩሪ አተር የበሉት አደጋቸው ከግማሽ በላይ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። በዚያው ዓመት የወጣ ከ73 ሺህ በላይ የሻንጋይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናትም ከጉርምስና ጀምሮ የሚመገቡት ከማረጥ በፊት በሚመጣው ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የጡት ሕብረ ሕዋስ ገና በሚገነባበት ዕድሜ አይሶፍላቮን ሕዋሳቱን ቀድሞ ያበስላቸዋል የሚል ማብራሪያ አለ። ይህን የሚደግፍ የአይጥ ሙከራም አለ። የልጅነት ምግብን ከአርባ ዓመት በኋላ ማስታወስ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ግን አንባቢ የራሱን ልጅነት አስታውሶ ሊፈርድ ይችላል።

ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ይህ ነጥብ የሚቀርብበት ምክንያት አለ። በኢትዮጵያ በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው ፋፋ ዱቄት የአኩሪ አተር ዱቄት ያለበት ድብልቅ ነበር። በርካታ የዛሬ እናቶች አፋቸውን የፈቱት በእርሱ ነው። በየመጠለያ ጣቢያው የሚታደለው የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅም ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡና ለሕፃናት የሚሰጥ ነው። በኡጋንዳም ቢሆን በ1996 የገባው የአኩሪ አተር ዋግ ማሳዎችን ካጠፋ በኋላ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2004 ጀምሮ “ማክሶይ” የሚል ስም የሰጧቸውን ተከላካይ ዝርያዎች ማውጣታቸው ምርቱን መልሶ አነሳው። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ርካሹ ፕሮቲን ነው። እናቶች በወሬ ፈርተው ቢተዉት በምትኩ ሥጋና እንቁላል ይገዛሉ ማለት አይደለም፤ በአብዛኛው የሚተካው የበቆሎ ገንፎ ብቻውን ነው።

ዱቄት ሌላ፣ እንክብል ሌላ

መጠኑን በቁጥር ማየት ይረዳል። 100 ግራም ደረቅ የአኩሪ አተር ፍሬ 150 ሚሊ ግራም ገደማ አይሶፍላቮን ይይዛል፤ እንደ ዝርያውና እንደ አፈሩ ከፍም ዝቅም ይላል። አንድ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት 25 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። በአንድ ኩባያ አጥሚት ውስጥ 10 ግራም የአኩሪ አተር ዱቄት ቢገባ ወደ 15 ሚሊ ግራም ይሆናል። በጃፓን የአዋቂዎች የዕለት ፍጆታ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ነው። በጾም ወቅት ጠዋት ማኪያቶ፣ ማታ አጥሚት የምትወስድ የካባላጋላ ነዋሪ እዚያው ገደማ ትደርሳለች ማለት ነው። ከአኩሪ አተር የተጨመቀ ዘይት ግን አይሶፍላቮን የለውም ማለት ይቻላል። እርሱን የሚፈሩ ሰዎች የሚፈሩት ዘይቱ ውስጥ የሌለውን ነገር ነው።

እንክብሉ ግን ሌላ ነው። ከፍሬው ተለይቶ የወጣው ውህድ፣ ያለ ፕሮቲኑና ያለ ቃጫው፣ በአንድ ጊዜ ከ40 እስከ 100 ሚሊ ግራም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ለማረጥ ሙቀት ማስታገሻ ነው፤ ለዚያ መጠነኛ ጥቅም እንዳለው የሚያሳዩ ሙከራዎችም አሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ባደረገው ግምገማ ያረጡና ጤነኛ የሆኑ ሴቶች በተጠኑት መጠኖች ሲወስዱት በጡት ላይ ጉዳት አላገኘም። ግምገማው ግን የጡት ካንሰር የነበረባቸውን አይመለከትም። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር አቋምም በዚሁ መስመር ላይ ነው፤ ከጡት ካንሰር የተረፉ ሴቶች የአኩሪ አተር ምግብ መብላት ይችላሉ፣ እንክብሉ ግን አይመከርም።

ለገረመው አንባቢ አንድ ተያያዥ ነገር ልጨምር። የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው አኩሪ አተርን ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ሰዓት መውሰድ የለበትም፤ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። ጥሬ ወይም ሳይበስል የቀረ አኩሪ አተር ደግሞ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስላለው መቆላት ወይም በደንብ መቀቀል አለበት። ካንሰርን በተመለከተ የድብልቅ ዱቄት ገዢ ሊጨነቅበት የሚገባው ነገር ካለ ደግሞ ሻጋታ ነው። በኡጋንዳ የምግብ እህል ውስጥ ያለ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ከጉበት ካንሰር ጋር መያያዙን የሚያሳይ ጥናት የታተመው ገና በ1971 ነበር። እርጥበት የነካው፣ የሻገተ ሽታ ያለው ዱቄት በጡት ሳይሆን በጉበት ላይ ነው አደጋው።

ከወተቱ ይልቅ መዘግየቱ

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670 ሺህ ሞተዋል። በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ሲሆን፣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ተቋም የ2020 ግምት በዓመት ከ16 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚዎች እንዳሉ ያመለክታል። ኡጋንዳን ጨምሮ በአምስት የአፍሪካ አገሮች ታካሚዎችን የተከታተለና በ2020 የታተመ ጥናት በሽታው ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሴቶች መሞታቸውን አሳይቷል። ዋነኛው ምክንያት ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የደረሱት ዕጢው ከገፋ በኋላ መሆኑ ነው።

በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታካሚዎች ናሙና ላይ የተደረገና በ2014 የታተመ ምርመራ ከሦስት ዕጢዎች ሁለቱ ገደማ የኤስትሮጂን ተቀባይ ያላቸው መሆኑን አግኝቷል። ለእነዚህ ሴቶች ታሞክሲፌን ይሠራል። በየቀኑ፣ ለዓመታት መዋጥ ይኖርበታል፤ የሙቀት ስሜትና የማህፀን ፈሳሽ ስለሚያመጣም ብዙዎች መሃል ላይ ያቋርጡታል። በሙላጎ ኮረብታ ላይ ከ1967 ጀምሮ ባለው የኡጋንዳ ካንሰር ተቋምም ሆነ በጥቁር አንበሳ የምትታከም ሴት ከምግቧ ይልቅ የዕድሜዋን ርዝመት የሚወስኑት እነዚህ ናቸው፦ ዕጢው ስንት ሳምንት ቆየ፣ የተቀባይ ምርመራ ተደረገ ወይ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ተወሰደ ወይ።

በካባላጋላ ያገኘኋቸውን ሴት ይህን ሁሉ ስነግራቸው ስለ ወተቱ ብዙም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስለ እንክብሉ ነው። ጠርሙሱን ካገኙት ጀምሮ ሙቀቱ ስለበረታባቸው ታሞክሲፌኑን ትተው እርሱን ብቻ ሲውጡ አሥራ አንድ ቀን ሆኗቸው ነበር። ሐኪማቸው ይህን ያውቁ እንደሆን ጠየቅኋቸው፤ አያውቁም። የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። እስከዚያ አልጠበቁም። በማግስቱ ጠዋት ጠርሙሱን በቦርሳቸው ይዘው፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያን በሚያቋርጠው ታክሲ ወደ ሆስፒታል ሄዱ።